ሰኮናው ላይ የተጻፈው አገር

የአሻንጉሊት ክፍሉን ለተተኪዬ ያስረከብኩት ባለፈው ሰኔ፣ ትምህርት በተዘጋ ሰሞን ነበር። ልጅቷ በቅርቡ የተመረቀች፣ ሥራ የምትወድ ናት። የእንጨት ኪዩቦቹን፣ ኳሶቹን፣ የጨርቅ ድቦቹን ሁሉ አየች። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ስትደርስ ግን ቆም አለችና፣ «አዴ ሌሊሴ፣ እነዚህ ፈረሶች ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም እንዴ? ለምንድን ነው ለየብቻ ያስቀመጧቸው?» አለችኝ።

«የተሠሩበት አገር ስለሚለያይ ነው» አልኳት።

ሳቀች። የቀለድኩ መሰላት። እኔም አብሬያት ሳቅሁና ወደሚቀጥለው መደርደሪያ አለፍን። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን የሥራ ዘመኔን ግማሽ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ዘልዬ እንዳለፍኩት ታወቀኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው፤ ለሌላም ሰው ከጠቀመ ጥሩ።

በእኛ በምዕራብ ሸዋ ፈረስ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። የአምቦ ባለ ጋሪ ሁሉ የፈረሱን ጥርስ አይቶ ዕድሜውን ይነግርሃል። እኔ የማውቃቸው ግን መዳፍ ላይ የሚቆሙትን፣ ሮዝና ሰማያዊ ቀለም ያላቸውን፣ ጋማቸው በማበጠሪያ የሚበጠረውን የፕላስቲክ ፈረሶች ነው። አባቴ ገበሬ ነበርና እስኪሞት ድረስ «ልጄ የፈረስ አዋቂ ናት፤ ፈረሶቿ ግን ሣር አይበሉም» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ቤተ ክርስቲያናችን አምቦ ላይ መዋዕለ ሕፃናት ነበራትና የዕቃ ክፍል ሠራተኛ አድርገው ቀጠሩኝ። ደመወዙ ትንሽ፣ የሚፈረመው ወረቀት ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ዳይሬክተሩ ኦቦ ፊጣ ቀድሞ የሒሳብ አስተማሪ የነበሩ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ባልዲ፣ የልብስ ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ ሰጡኝና ወደ ትልቅ ካርቶን አመለከቱኝ። ካርቶኑ ከውጭ አገር አብያተ ክርስቲያናት የተላከ፣ የሌላ አገር ልጆች ተጫውተው የጠገቡት አሻንጉሊት የተሞላ ነበር።

«ልጅ አፉ የሚከተው ነገር ነው፤ ሳህን እንደምታጥቢ እጠቢው» አሉኝ።

አጠብኩ። ፈረሶቹ የሚገርሙ ነበሩ። አንገታቸው ሲጠመዘዝ ይወልቃል፤ ውስጣቸው ባዶ ነው፤ የገባው ውሃ ካልደረቀ ጋማው ከሥሩ ይሻግታል። ሳጥባቸው ሁለት አንድ መሳይ ፈረሶች እጄ ላይ አንድ እንዳልሆኑ ይሰማኝ ጀመር። አንዱ ሲጫኑት ቶሎ ይመለሳል፣ ሌላው እንደ ጎማ ይሰንፋል። ግን ለማን ልንገረው? አሻንጉሊት ነው።

ነገሩ ሥራ የሆነው ወይዘሮ ሰናይት በመጣች ጊዜ ነው። ሰናይት አዲስ አበባ የቆዩ የውጭ ዕቃዎች የምትሸጥበት ሱቅ አላት። አንድ ቅዳሜ ፍል ውሃ ልትታጠብ አምቦ መጥታ፣ ከእኛ ጋር የምታስተምር ዘመዷን ልትጠይቅ ገባች። ጸሐይ ላይ ያሰጣኋቸውን ፈረሶች ስታይ ቦርሳዋን መሬት ጣለችው።

ያስረዳችን እንዲህ ነው። ባሕር ማዶ ትልልቅ ሴቶች በልጅነታቸው የተጫወቱባቸውን ፈረሶች ይሰበስባሉ። አንዱ ፈረስ በብዙ አገር ፋብሪካ ተሠርቷል። ብዙ የተሠራበት አገር ፈረስ በየቤቱ አለ፤ አንድ ትንሽ ፋብሪካ ለራሱ አገር ልጆች ብቻ ያወጣው ግን ጠፍቷል። ሰብሳቢዎቹ የሚያሳድዱት እሱን ነው። «ለይታችሁ ስጡኝ፣ እኔ ደግሞ ለልጆቹ የሚያስፈልገውን አመጣለሁ» አለች።

ኦቦ ፊጣ ሳምንቱን ሙሉ አሰቡበት። በመጨረሻ አንድ ቃል አስገብተው ተስማሙ፤ ልጅ ስም ያወጣለት ፈረስ አይነካም። የጓሮው ዥዋዥዌ፣ የሥዕል ቀለሙ፣ አሁን ተተኪዬ ያየቻቸው የእንጨት ኪዩቦች ሁሉ የመጡት በዚያ ስምምነት ነው።

መለየቱን ያስተማሩኝ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ወደ ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ዳር ኦቦ ድንሳ የሚባሉ ሽማግሌ የተሰነጠቀ ሳፋና ጄሪካን በጋለ ብረት ይጠግኑ ነበር። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ በፕላስቲክ ፋብሪካ የሞልድ ሠራተኛ ነበሩ። ሞልድ ማለት የቀለጠው ፕላስቲክ የሚፈስበት ብረት ነው፤ የዕቃው መልክ ከሱ ይወጣል። በሁለት ቀን ልዩነት እግራቸው የተቀደደ ሁለት ፈረሶች ወሰድኩላቸው፤ ሁለተኛውን ጠግነው ከሰጡኝ በኋላ፣ «ይሄ እኮ ከትናንት ወዲያ ካመጣሽው ጋር ወንድማማች አይደለም» አሉኝ። እኔ ብቻ የሚሰማኝ ይመስለኝ የነበረውን ሌላ ሰው ሲናገረው የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስወጣ እሳቸው ጋ እቀመጥ ነበር። ኦቦ ድንሳ ዕቃ ሲመረምሩ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው ሆዱን በአውራ ጣት ያሻሉ፤ ሁለቱ የሞልድ ግማሾች የተገናኙበት ስስ መስመር እዚያ አለ። በደንብ የተሞረደ ሞልድ መስመሩ አይሰማም፤ ያረጀው እንደ ጠባሳ ይሰማል። ከዚያ ያሸታሉ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ። ከዚያ ጋማው የተተከለባቸውን ቀዳዳዎች ያያሉ፤ አንዱ ፋብሪካ አቀራርቦ ይተክላል፣ ሌላው ይቆጥባል። የጉንጩን ቀለም በረጠበ ጨርቅ ዳር ይነካሉ። አገሩ የተጻፈበትን ሰኮና የሚገለብጡት መጨረሻ ላይ ነው።

«ለምን መጀመሪያ አያዩትም? እዚያ ተጽፏል እኮ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«መጀመሪያ ካነበብሽ እጅሽ ያነበብሽውን ብቻ ነው የሚሰማው፣ እንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ሌላ ልማድም ነበራቸው። ምንም ዕቃ ቢሆን ምንነቱን በዕለቱ አይናገሩም። «ይደር» ይላሉ። ባለ ዕቃው ቢቸኩልም፣ ቢቆጣም፣ ይደር። በማግስቱ እንደ አዲስ አንስተው ያዩታል፤ ብዙ ጊዜ የሚሉት ትናንት ሊሉት የነበረውን ነው፤ አንዳንዴ ግን አይደለም።

እኔ ፈጥኜ ተማርኩ። የትኛው አገር ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ እንደሚያልበው፣ የትኛው በፌስታል ከታሰረ የጎረቤቱን ቀለም እንደሚጠጣ፣ የትኛው ጋማ በሙቅ ውሃ እንደሚጨማደድ አወቅሁ። አንዳንዶቹን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ አንዳንዶቹን እግራቸውን ወደ ላይ አድርጌ አስቀምጥ ነበር። ሰናይት ከሌላ ቦታ ያገኘችውን ሁሉ እኔ ጋ ታመጣው ጀመር። «ሌሊሴ ካለች አለቀ» ትላለች። ይህ ቃል ጆሮዬ ላይ ጣፋጭ ነበር።

በመሃሉ ቤተ ክርስቲያኗ ግንደበረት ውስጥ ካቺሲ ላይ ትንሽ መዋዕለ ሕፃናት ስትከፍት ዕቃ ክፍሉን እንዳደራጅ ተላክሁ። ከገመቹ ጋር የተዋወቅነው እዚያ ነው። ገመቹ የጤና ረዳት ነበር፤ ለሕፃናቱ ክትባት ሲመጣ እንገናኛለን። ቤቱ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የእህቱን ልጅ ኩለኒን ያሳድጋል። እህቱ ድርቤ ልጇን ለሱ ትታ ቤሩት ለቤት ሠራተኛነት ሄዳለች። አትሂጂ ብሏት ተጣልተው ነው የተለያዩት። እናታቸው እዚያው ካቺሲ አጠገብ ይኖራሉ፤ ገበያ ሲመጡ እኔ ጋ ጎራ ብለው ፈረሶቹን እያዩ ይስቁ ነበር።

እኔ ወደ አምቦ ተመለስኩ። ገመቹም ከዚያ በኋላ ወደ ጊንጪ ተዛወረ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ልጆቹን አሰናብተን ስንጠርግ እያለከለከ ገባ።

«አዴ ሌሊሴ፣ ከድርቤ ዕቃ መጣልኝ።»

የድርቤ ደብዳቤ ከቆመ ቆይቷል። አሁን ሰዎች እየተቀባበሉት አንድ ጥቅል ደርሶታል፤ የልጅ ቀሚስና በቀሚሱ የተጠቀለለ ፈረስ። አድራሻ የለውም። አብሮት የመጣው የቃል መልእክት «ደህና ናት፣ ከአሠሪዎቿ ጋር ሌላ አገር ተሻግራለች» የሚል ብቻ ነው። የትኛው አገር እንደሆነ መልእክቱን ያመጣው ሰው አያውቅም፤ እሱም ከሌላ ሰው ነው የተቀበለው።

«አንቺ ፈረስ አይተሽ አገሩን ታውቂያለሽ ይላሉ» አለኝ ገመቹ። «በአንዳንድ አገር የተሠራው እዚያው ብቻ ነው የሚሸጠው ብለሽኝ ነበር። ድርቤ የት ናት?»

ፈረሱ ሰማያዊ፣ ጋማው ነጭ ነው። ቀድሜ ሰኮናውን ገለበጥኩ። የጥልያን ስም ተጽፎበታል። የጥልያን ፈረሶች በእጄ አልፈዋል፤ እዚያው ተሠርተው እዚያው የሚሸጡ መሆናቸውን ሰናይት ደጋግማ ነግራኛለች። አውራ ጣቴ ሆዱ ላይ ሲያልፍ አንድ ነገር ተሰምቶኛል። ከማውቃቸው የጥልያን ፈረሶች ጠንከር ያለ፣ ቀለሙም ወተት ጠብ ያለበት የሚመስል ነበር። ጋማውም ሻካራ ነው። ኦቦ ድንሳ ጋ ላሳድረው አሰብኩ። ገመቹ ግን ፊቴ ቆሟል፤ የጊንጪ አውቶቡስ ሊነሳበት ነው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ጥልያን አገር ናት» አልኩት።

አቀፈኝ። ልጆቹ ያልጨረሱትን ብስኩት በወረቀት ጠቅልዬለት ሮጦ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ገመቹ ጥልያንን ሲፈልግ ኖረ። ሮምና ሚላኖ ላሉ የእኛ አገር ሰዎች ጻፈ፤ የድርቤን ፎቶ አባዝቶ ላከ፤ የማያውቃቸውን ቄሶችና ፓስተሮች ለመነ። አንዳንዶቹ መለሱለት፤ አላየናትም አሉ። ባገኘኝ ቁጥር «ሰፊ አገር ነው፣ ትገኛለች» ይለኝ ነበር። እናቱ ሲታመሙ ካቺሲ ሄጄ ጠየቅኳቸው። እጄን ይዘው፣ «ጥልያን አገር ይበርዳል እንዴ?» አሉኝ።

«ባሕር ስላለው አይበርድም ይላሉ፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ጥሩ» አሉ። ልጃቸውን ሳያዩ፣ ድምፅዋንም ሳይሰሙ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ገመቹ ከማንም ይልቅ ከእኔ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ልጃቸው ያለችበትን አገር የነገርኳቸው እኔ ነኝና።

ሰናይት ያቺን ሣጥን ያመጣችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ለረጅም ጊዜ አዲስ አበባ የኖረ አንድ የግሪክ ቤተሰብ ዕቃውን ሸጦ ሊሄድ ነበር። የሴት ልጃቸው ፈረሶች ከነማሸጊያቸው ተገኙ። ሰናይት በደስታ እየሳቀች ከፊቴ ደረደረቻቸው።

«እናትየዋ ካርቶኑን አነበበችልኝ። ፋብሪካው አቴና አጠገብ ነው። ግሪክ ተሠርተው ግሪክ ነው የሚሸጡት። እስኪ ንኪያቸው።»

አንዱን አነሳሁ። ጠንካራ ነው። ቀለሙ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። ጋማው ሻካራ ነው። ሰኮናውን እስከ መጨረሻ አቆየሁት። ገለበጥኩት። የጥልያን ስም ተጽፎበታል።

ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው ነው። ሰናይት «ምን ሆንሽ? ፊትሽ ጠቆረ» ትለኛለች። ሻሼን እያሰርኩ ወጣሁ።

ኦቦ ድንሳ በዚያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ ሥራ ትተው ነበር፤ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የግሪኩን ፈረስ እጃቸው ላይ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲያዳምጡ ሆዱን በአውራ ጣታቸው እያሹ ነው። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ከቤት አሮጌ ኮንጎ ጫማ አስመጡና ሶሉን አሳዩኝ። የውጭ አገር ስም በትልልቁ ተቀርጾበታል።

«ይህን ጫማ እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ አዲስ አበባ፣ በዚህ እጄ» አሉኝ። «ሞልዱ ግን ከዚያ አገር ፋብሪካ ተገዝቶ ነው የመጣው። ፊደሉ ብረቱ ላይ ነው፤ ብረቱ የሄደበት ይሄዳል። ማን ፍቆ ያጠፋዋል?»

ጫማውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰኮናውን ቀድመሽ አየሽ?»

«አዎ።»

«አሳደርሽው?»

«አላሳደርኩትም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ፈረሱን መልሰው ሰጡኝና፣ «ሂጂና ንገሪው» አሉ።

«ነገ ጠዋት ልሂድ?»

«ይሄኛው አያድርም።»

ጊንጪ ስደርስ ገመቹ ጤና ጣቢያው በር ላይ የመጨረሻዋን ታካሚ እየሸኘ ነበር። ሲያየኝ ደስ አለው፤ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ። እኔ ተቀምጬ መናገር አልቻልኩም፤ ቆሜ ነገርኩት። ስለ ሞልዱ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ሣጥኑ። በመጨረሻ፣ «ገመቹ፣ ፈረሱ የግሪክ ነው። ድርቤ ጥልያን አገር ላትሆን ትችላለች» አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንዲት ሴት መጥታ ነበር» አለ።

«የት?»

«እዚህ። ልጇን ልታስከትብ። ከአቴና የተመለሰች ናት፤ የጉደር ሰው። የኩለኒን ስም ስጠራ ሰምታ፣ ‹አቴና ድርቤ የምትባል የግንደበረት ሴት አለች፤ ኩለኒ የምትባል ልጅ አለቻት፤ እናንተ ትዘመዱ ይሆን?› አለችኝ። ‹እህቴ ጥልያን አገር ናት› አልኳት። ‹ድርቤ የሚባል ስም በአገራችን ሞልቷል› አልኳት። ሌላ ነገር ልትነግረኝ ስትጀምር ሰው ተሰልፏል ብዬ አስወጣኋት።»

«መቼ ነው?»

«እናቴ ሳትሞት።»

ከዚህ በኋላ የተናገርነውን አላስታውስም። ገመቹ ካርዶቹን ሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ ሲቆልፍ አስታውሳለሁ። በማግስቱ ጉደር ሄደን ያቺን ሴት ፈለግን፤ ከአቴና የመጣችዋ ስንል ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ከገበያው አጠገብ ጸጉር ትሠራለች። ገመቹን ስታይ ወዲያው አወቀችው።

«ዶክተር፣ ያን ቀን አላዳመጡኝም» አለችው፤ አነጋገሯ ነቀፋ አልነበረበትም።

ድርቤ የምትጸልይበትን የአበሾች ጉባኤ፣ የምትሠራበትን ሰፈር ነገረችን። የጉባኤው ስልክ ነበራት። ጊንጪ ቴሌ ጽሕፈት ቤት ገብተን ደወልን፤ ያነሳው ሰው በእሑድ መልሰን እንድንደውል ነገረን። በእሑድ ኩለኒም አብራን መጣች፤ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። ገመቹ የስልኩን እጀታ ይዞ «ድርቤ? ድርቤ ነሽ?» ይላል፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። እጀታውን ለኩለኒ ሰጠኋት። ልጅቷ ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች። በመጨረሻ በኦሮምኛ፣ «ደህና ነኝ። እርስዎስ?» አለች፤ «ኢሲን» ብላ፣ ለማያውቁት ትልቅ ሰው እንደሚባለው።

ድርቤ ሁልጊዜ ትጽፍ ነበር። የጻፈችው ግን ገመቹ በለቀቀው የካቺሲ ጤና ጣቢያ አድራሻ ነው። መኖሪያ ፈቃድ ስላልነበራት ለመልስ የምትሰጠው የራሷን ሳይሆን የጉባኤውን አድራሻ ነበር። መልስ ሲጠፋ ወንድሜ እንደተጣላኝ ቀረ ብላ አመነች። ወረቀቷ ተስተካክሎ እስክትመለስ ጊዜ ፈጀ፤ የተመለሰችው ኩለኒ ከእሷ በቁመት ከበለጠች በኋላ ነው።

አምቦ ድረስ መጥታ አየችኝ። ረጅም፣ እጇ በሥራ የደነደነ ሴት ናት። ዕቃ ክፍሌ ውስጥ ቆማ መደርደሪያውን አየች።

«ወንድሜን ጥልያን የላክሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ፈረሱን የሰጠችኝ የአሠሪዎቼ ልጅ ናት» አለች። «አድጋ ልትጥለው ስትል ለልጄ ስጪኝ አልኳት። ፈረስ ከየት እንደመጣ የሚያይ ሰው ይኖራል ብዬ መቼ አሰብኩ? አስቤ ቢሆን ኖሮ ሆዱ ውስጥ አድራሻዬን እከትልሽ ነበር።»

ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ እኔም አለቀስኩ። ስለ እናቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ እናቷ እሷ የት አገር ያለች መስሏቸው እንደሞቱ። ጥልያን፣ አልኳት። «ባሕር ስላለው አይበርድም ብያቸው ነበር።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች። «አቴናም አይበርድም።»

ድርቤ ይቅር አለችኝ። ገመቹ ግን አላለም። አልሰደበኝም፤ መንገድ ላይ ካገኘኝ ሰላምታዬን አጎንብሶ ይቀበልና ያልፋል። ቤቴ መምጣት፣ በበዓል መላክ ቀረ። ኦቦ ድንሳ ሲያርፉ ለቅሶ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። ልክ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ሥራዬ አልቆመም። ኢንተርኔት አምቦ ሲገባ ሰናይት ሰዎች የሚልኩላትን ፎቶ ትልክልኝ ጀመር። በፎቶ አውራ ጣት አይሠራም፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የምመልሰው «በእጄ ካልያዝኩት አላውቅም» የሚል ነበር። ሰናይት ትበሳጫለች፤ ሰብሳቢዎቹም ለሚቸኩል ሌላ አዋቂ ይጽፋሉ። ፈረስ እጄ ሲገባ ደግሞ ሁለት ነገር ለይቼ እናገራለሁ፤ ሞልዱ ከየት እንደሆነ፣ ፕላስቲኩ ከየት እንደሚመስል። «ይመስላል» የሚለው ቃል ድሮ ያሳፍረኝ ነበር። አሁን ከአፌ የሚወጣ ምርጥ ቃል እሱ ነው። ከጊዜ በኋላ ሰብሳቢዎቹም ስለ ተጓዡ ሞልድ አወቁ፤ ሰናይት «አንቺ ቀድመሽ አውቀሽዋል» ስትለኝ ርዕሱን እለውጣለሁ።

አዲሷ ዳይሬክተር የጡረታ ሽኝቴን በመዋዕለ ሕፃናቱ ግቢ አዘጋጀች። ልጆቹ ዘመሩ፤ ዳቦ ተቆረሰ። ሰው ሲበተን በሩ አጠገብ ኮፍያውን በእጁ ይዞ የቆመ ሽማግሌ አየሁ። ገመቹ ነው። ማንም አልጠራውም።

«እኔም በዚህ ዓመት ጡረታ ወጣሁ» አለኝ።

«እንኳን ደስ ያለህ።»

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥን። ትንንሾቹ ወንበሮች ዙሪያችንን ተደርድረዋል። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተናገረ።

«አንቺ ተሳሳትሽ። እኔ ግን ሴትዮዋን ከፊቴ አቁሜ ‹ኩለኒ የምትባል ልጅ አለቻት› ስትለኝ እየሰማሁ አስወጣኋት። ያን ሁሉ ጊዜ ካርድ እያየሁ መድኃኒት ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። በሽተኛ ‹እዚህ ጋ ያመኛል› ሲል ወረቀቱን ትቼ አዳምጣለሁ። እሷን ግን አላዳመጥኩም። አንቺን መጥላት ይቀለኝ ነበር፣ አዴ ሌሊሴ። ጥላቻዬ ሲበርድብኝ እፈራ ነበር፤ ሲበርድ የሚቀረው እኔ ነኛ።»

እጁን ያዝኩት። እሱም አልነጠቀኝም።

ሲነሳ፣ «በእሑድ ለምሳ ነይ» አለኝ። «ድርቤ የግሪክ ምግብ ነው እያለች አንድ ነገር ትሠራለች። ምን እንደሆነ ባናውቅም እንበላዋለን።»

በእሑድ ጊንጪ ሄድኩ። ሰዎች ቤቱን አሳዩኝ፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ለማንኳኳት እጄን ሳነሳ ከውስጥ ጩኸት ሰማሁ። ድርቤና ኩለኒ ናቸው። ልጅቷ ከተመለሰችው እናቷ ጋር ስንት ዓመት በሹክሹክታ፣ በ«ኢሲን»፣ እንደ እንግዳ እየተነጋገረች እንደኖረች ገመቹ ሲሰናበተኝ ነግሮኝ ነበር። አሁን ግን ኩለኒ፣ «አበዛሽው! ጨው አበዛሽው ስልሽ አትሰሚም!» እያለች ትጮኻለች።

«አንቺ ልታስተምሪኝ ነው? ምጣዱን ልቀቂ!»

«አልለቅም! ቅመሺው እስኪ! ቅመሺው!»

«ማን መሰልኩሽ? እናትሽ ነኝ እኮ!»

«እናቴ ስለሆንሽ ጨው አይበዛብሽም?»

እጄን አወረድኩ። በሩን ተደግፌ፣ ጨርሰው እስኪስቁ ድረስ ደጅ ቆምኩ።